አልተማርሁትም ያልሁት ቃል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በዳዳ፣ ሐረር ከጦሩ ጋር ለሰፈርኸው።

እንደምን ሰነበትህ? የመንገዱ ንዳድ ለቀቀህ ወይ? ያ ብርድ በነካው ቁጥር የሚያነክስህ ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? እትዬ ሎሚስ እንዴት ናት፤ አገሩን ለመደችው? ውሃው ተስማማት? በቅሎዪቱስ በሕይወት አለች? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል ደንቡ ነበር፤ አልልህም። ውሸት ከበዛብኝ ሰነባብቷል፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ አንዲት እንኳ እንድትጨመር አልፈልግም። እማዬ ግን በሕይወት አለች፤ እህታችን ጂቱም አለች፤ ላሞቹም ደህና ናቸው። ለዚህ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

ፊደሌ ተጣሞ ብታየው አትቆጣ። ግራ እጄ ከቶማስ ቀኝ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት እንደ ታሰረ ነው። እኔ ስጽፍ እሱ ወረቀቱን ይጫንልኛል፤ እሱ ሲያስል የኔ ብዕር ይዘላል። ወረቀቱም የራሱ ነው፤ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያሉትን ባዶ ቅጠሎች ቀድዶ የሰጠኝ እሱ ነው። የኛን ፊደል ስለማይለይ ምን እንደምጽፍ አያውቅም። አደራህን፣ ብቻህን ሆነህ ራስህ አንብበው። ዳዊት የደገምኸው ለዚህ ቀን ይሁንልህ፤ ለጸሐፊም ለቄስም እንዳታስነብብ።

ከአዋሽ ማዶ የላክኸው ቃል በጊዜው ደርሶኛል። የኢዶሳን ደም እንዳትሸጥ፣ መስቀል ይዘው ቢለምኑህም እንዳትሰማ፣ ፈረንጁ ወንድማችንን በገደለበት ጠመንጃ ይሙት ብለህ ነበር። መልእክተኛህ አንድም ሳያጎድል ነገረኝ። እኔም አደራህን ተቀብዬ ከሳሽ ሆኜ ቆምሁ። ንጉሡ ከዘመቻ ሳይመለሱ የደም ነገር አይቆረጥም ተባለና፣ እስከዚያው ዳኞቹ ባገሩ ደንብ ከሳሽና ተከሳሹን በቁራኛ አሰሩን። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ይኸው አምስት ወር ሊሞላን ነው። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ሜዳ ሲወጣ ሌላው ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ወንድሜን ገደለ ካልሁት ሰው ጋር በአንድ ጋቢ ከረምሁ። የእንጦጦን የታኅሣሥ ውርጭ ታውቀዋለህ፤ ጋቢህን ከጠላትህ ጋር ያካፍልሃል።

ቶማስን አይተኸዋል። ለእንጦጦ ማርያም የሚሆነውን የጥድ ግንድ የካ ጫካ ውስጥ የሚሰነጥቀው፣ ትልቁን መጋዝ በግመል ጭኖ ከዘይላ የመጣው፣ ኢዶሳ ከወዲያ ማዶ ሆኖ መጋዝ የሚጎትትለት ያ ቀይ ጢም እንግሊዝ ነው። አማርኛው የሥራ አማርኛ ነው፤ ሳብ፣ ልቀቅ፣ ውሃ፣ ነገ፣ በቃ። ሰዎች የጠመንጃ ድምፅ ሰምተው ሲደርሱ ኢዶሳ ተዘርግቶ፣ ቶማስ ሰናድር ጠመንጃውን ይዞ አገኙት። ምን ሆነ ሲሉት፣ ጠመንጃ የኔ፣ ኢዶሳ ሌባ አላቸው። ገድሎ ደግሞ ይሰድበዋል ብለው ጥርሱን አረገፉት። እኔም ስደርስ በድንጋይ መታሁት። ይህን ሁሉ ሰምተሃል፤ ያልሰማኸውን ልነግርህ ነው።

መጀመሪያ ሃያ ቀን ያህል አንዲት ቃል አልተናገርሁትም። እሱም ዝም። ከንብረቱ ሁሉ የተዉለት አንድ በቆዳ የተደጎሰ መጽሐፍ ነበር፤ ጎጆው በር ላይ ፀሐይ ስንሞቅ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ ያነባል። እኔ መጽሐፍ አጠገቤ ተከፍቶ ዝም ማለት እንደማልችል ታውቃለህ፤ ልጅ ሆነን አንተ ራስህ የመጽሐፍ ውሻ እያልህ ስታሾፍብኝ ኖረሃል። አንድ ቀን አላስችል አለኝና ጣቴን ሰድጄ አንዱን ፊደል ነካሁ። ቶማስ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የፊደሉን ስም ነገረኝ። እንዲህ ተጀመረ። እግዚአብሔር ያያል፣ እሱን ልወድ ብዬ አይደለም። ገድል መስሎኝ ነበር። ከመክፈቴ በፊት እሳለመው ነበር።

ፊደላቸው ሃያ ስድስት ብቻ ነው፤ በሦስት ቀን ጨረስሁት። ሳቅሁበት። ኋላ ግን እሱ ሳቀብኝ። የእንግሊዝ ፊደል ተጽፎ ዝም የሚል አለው፤ ያው ፊደል እዚህ ሌላ፣ እዚያ ሌላ ድምፅ ይሰጣል፤ ጌታ እንደሚለዋውጥ ሎሌ አይታመንም። ስለዚህ እንደ ዳዊት አደረግሁት። መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየቆጠርሁ፣ ቀጥሎ ቀስ እያልሁ፣ ከዚያ በቁም ንባብ፤ ገጹን በቃሌ ሳልይዝ አላልፍም። እየጮህሁና እየተወዛወዝሁ ስለው ሰንሰለቱ ይንኳኳል፤ ዘበኞቹም ደብተራው ፈረንጁን ሊያቆርበው ነው እያሉ ይስቁብን ነበር።

ታሪኩ ባሕር ዳር ስላለ አንድ ቤት፣ ባሏን ባሕር ስለ በላባት ሃሪየት ስለምትባል ሴትና ስለ ልጇ ነው። በጥር ወር እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሃሪየት ሞተች። አዘንሁ። መሪጌታ ፀሐዬ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ለነፍሷ ፍትሐት እንዲያደርሱላት ለመንኋቸው፤ የክርስትና ስሟን አምጣ አሉኝ። ቶማስን ጠየቅሁት። ሰውየው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ እስኪያስል፣ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ። ለካ ሃሪየት የምትባል ሴት ኖራ አታውቅም! ሰው በልቡ የፈጠራት ናት። ለሌለች ሴት ፍትሐት ላስደርግ ነበር! ሁለት ቀን አኮረፍሁ፤ በሰንሰለት ታስሮ ማኩረፍ እንዴት እንዳለ አትጠይቀኝ። በሦስተኛው ቀን የልጇ መጨረሻ ምን እንደ ሆነ ማወቅ አማረኝና ታረቅሁ።

ቶማስ ቀላሉን ቃል አያስተምረኝም ነበር። እንጀራና ውሃ ማለትን ማንም ይነግርሃል፣ ሰው ሲጨንቀው የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው እያለ የመጽሐፉን ከባድ ከባድ ቃል ይዞ ይቆማል። እኔም በከሰል ሳንቃ ላይ እየጻፍሁ፣ እንደ ትርጓሜ ቤት አንድም እያልሁ እፈታው ነበር። ሪሞርስ ማለት ጸጸት ነው፤ አንድም ሰውን ከውስጡ የሚነክሰው ነገር ነው። ኮንሺየንስ ኅሊና ነው። ኢምፕላከብል ደግሞ ቢለምኑት የማይመለስ፣ ቂሙ የማይበርድ ሰው ነው። ይህን ሲፈታልኝ አንተን አሰብሁ፤ አትቀየመኝ። ቴምፕቴሽን ፈተና ነው፤ ሰው የማይገባውን ነገር አይቶ እጁ ሲዘረጋ ነው። ይህ ቃል ከአባታችን ሆይ መካከል አለ። ጸሎቱን በእንግሊዝኛ አስተማረኝና ጧት ጧት ስንነሣ አብረን እንደግመው ጀመር። ከሁሉ በፊት ልቅም አድርጌ የያዝሁት ቃል እሱ ነው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቶማስ መጽሐፉን ዘጋና፣ አሁን ትሰማኛለህ፣ አሁን ልንገርህ አለኝ።

ጋሼ፣ ልትዘምት የተነሣህበትን ጧት አስታውስ። ኢዶሳ የበቅሎህን ልጓም ይዞ እኔንም ውሰደኝ ብሎ ለመነህ። የሃያ ሁለት ዓመት ሰው፣ ጢም ያወጣ። አንተም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጠመንጃ ያለው ይከተለኝ፣ መጋዝ ጎታች ምን ያደርግልኛል፣ ባዶ እጅህን ብትመጣ ወንድሜ አይደለህም አልኸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። እሱ ልጓሙን ለቀቀና ወደ ጫካው ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ቶማስ ግንድ ላይ ተቀምጦ ያንኑ መጽሐፍ ያነባል። ነብር ስላለ ሰናድሩን አጉርሶ ድንኳኑ ውስጥ ከገመዱ ጋር አስደግፎታል። ኢዶሳ ቀስ ብሎ ሲገባ በዓይኑ ጥግ አየው። ከዚያ በፊት እስቲ ልያዘው እያለ ብዙ ጊዜ ለምኖት ስለ ነበር፣ ሊያየው ነው ብሎ ዝም አለ። ኢዶሳ በጀርባ በኩል ሊያወጣው አፈሙዙን ይዞ ወደ ራሱ ሳበው። ቃታው ገመዱ ላይ ተይዞ ጠመንጃው ተኮሰ። ያለቀው በዚህ ነው። ቶማስ ሮጦ ደርሶ ጠመንጃውን ከላዩ አነሣ፤ ሰዎቹም እንደዚያ ይዞ አገኙት። ወንድምህ ሌባ አልነበረም አለኝ፤ በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው የሥራ አማርኛ ነው፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም አለኝ። ፈተና ነው የገጠመው፣ ያጎረስሁትን ጠመንጃ እንዲሁ የተውሁ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔም ነው አለ። ሪሞርስ የሚለውንም ቃል ስለ ራሱ የተናገረው ያኔ ነው።

አላመንሁትም ልልህ እችል ነበር። አመንሁት። በሦስት ወር ገደማ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሲዋሽ አላየሁትም፤ ደግሞም የኢዶሳ ጥይት ከሆዱ ወደ ላይ እንደ ገባ ሬሳውን ያጠብሁ እኔ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን እማዬ እንደ ልማዷ ከየካ አቀበቱን ወጥታ ስንቅ አመጣችልን። ከሰውየው ጋር አንድ ትሪ ላይ ስበላ ማየት ስለማትችል ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። ያን ቀን ግን ዞረችና ልጄ ሲሞት ምን አለ፣ እስቲ ጠይቅልኝ አለች። ጠየቅሁት። ቶማስም የኢዶሳን ቃል እንዳለ በአማርኛ ያውቀዋል፤ ለኔ በጆሮዬ ነገረኝ። ጋሼ እንዳይሰማ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ብሏታል። ጋሼ እንዳይሰማ፣ ጋሼ እንዳይሰማ። እኔ ለእማዬ ድንግል ማርያምን ጠራ ብዬ ተረጎምሁላት። መሬቱን ስማ፣ መርቃኝ ወረደች። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው። እግሬን ያስለመደኝም እሱ ይመስለኛል፤ በሰው ቃል መካከል ቆሜ የፈለግሁትን ማሳለፍ፣ ያልፈለግሁትን ማስቀረት እንደምችል ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ንጉሡ ተመልሰው፣ መጋቢት ሲያልቅ ዳኞቹ ተቀመጡ። እንግሊዝኛ የሚሰማው አስተርጓሚ ከጦሩ ጋር እናንተ ዘንድ ቀርቷል። ሌላ ሰው ጠፋ። ቶማስ እጁን አንሥቶ ነገሳ ይናገር፣ ነገሳ ያውቃል አለ። ዳኞቹ ከሳሽ እንዴት ለተከሳሽ ያስተረጉማል ተባባሉ፤ ኋላ እሱ ራሱ ካመነው ይሁን አሉ። ሕዝቡ ሞልቷል። እማዬና ጂቱ ከፊት ተቀምጠዋል። ያንተም ጓደኞች፣ ከዘመቻው የተመለሱት፣ ጠመንጃቸውን ተንተርሰው ቆመዋል።

ቶማስም ተነሥቶ ተናገረ። አቤት አነጋገሩ! የመጽሐፉን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ አወጣው። የሟቹ ስም እንዳይጎድፍ እየተጠነቀቀ፣ ሌባ የሚለውን ቃል ሳይነካ፣ ወጣትነቱን፣ ወንድሙን መውደዱን፣ ፈተናውን፣ የራሱንም ቸልተኝነት ተናገረ። እኔ ያስተማረኝን ሁሉ ሰማሁ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ጨርሶ ወደኔ ዞረ። እኔ ግን እማዬን አየሁ፤ ያንተን ጓደኞች አየሁ፤ ነገ የካ ውስጥ የሌባ ወንድም ተብዬ ስሄድ ታየኝ፤ አንተም ሐረር ላይ ስትሰማው ታየኝ። ወንድምህን በጠመንጃ መታሁት፣ ተጸጽቻለሁ ነው የሚለው አልሁ።

አንዱ ሽማግሌ ዳኛ ጆሮው ሹል ነው። ይህን ያህል ተናግሮ ይህ ብቻ ነው? ቴምፕቴሽን፣ ቴምፕቴሽን እያለ የሚደጋግመውስ ምንድር ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቃሉ ከባድ ነው፣ እሱን አልተማርሁትም አልሁ።

ጋሼ፣ አልተማርሁትም የሚለውን አማርኛ ቶማስ ያውቃል። ሲያስተምረኝ፣ ተምረሃል፣ አልተማርህም እያለ በየቀኑ የሚጠይቀኝ በአማርኛ ነበር። አየኝ። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ ያውቃል፣ ነገሳ ያውቃል፣ ጧት ጧት ያውቃል አለ። ሰው ሳቀበት። ዳኛው ማል አለኝ። ንጉሥ ይሙት አላውቀውም ብዬ ማልሁ።

ፈረዱበት። ባለደሙ ምን ትላለህ፣ ትገድላለህ ወይስ ትምራለህ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ታላቄ ሐረር አለ፣ ቃሉ ከሱ ይምጣ አልሁ። ዳኞቹም ተቀበሉ፤ ያንተ ቃል እስኪመጣ በቁራኛው እንድንቆይ አዘዙ። ፈሪ ነው በለኝ። ነኝ።

በነጋታው ይጮህብኛል፣ ይተፋብኛል ብዬ ስጠብቅ እንደ ወትሮው ተነሥቶ ጸሎቱን ጀመረ። እኔም አብሬው እል ጀመር። ያ ቃል ሲደርስ ቶማስ ዝም አለ። እኔ ብቻዬን ጮክ ብዬ አልሁት። እሱ ከቀጣዩ ቃል ቀጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ሕማማቱም ፋሲካውም አልፎ፣ ጧት ጧት እንደዚያ ያደርጋል። እዚያ ይቆማል፤ እኔ እላታለሁ፤ ይቀጥላል። ሌላ ምንም አይለኝም። ከመጽሐፉ ሦስት ምዕራፍ ቀርቶናል፤ ከባድ ቃል ሲመጣ ዛሬም ይፈታልኛል። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ በእንግሊዝኛ ነገርሁት። ሳንቃውን አቀረበልኝ።

አሁን የምለምንህን ስማ። ምሬዋለሁ የምትል አንዲት ቃል ላክልኝ። ምክንያት አትጻፍ፤ ስለ ማርያም ብለህ ተወው። ሰንሰለቱ ይፈታል፣ ሰውየው መጋዙን ጭኖ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ የኢዶሳ ስም እንደ ተከበረ ይቀራል፣ እማዬም ባመነችው ትኖራለች። ይህ ለኔም እንደሚመቸኝ አውቃለሁ፤ እውነቱን ከመናገር የሚያድነኝ ያንተ ምሕረት ነው። ነገር ግን ይገደል ብለህ ከላክህ፣ ባለደም ተብሎ ጠመንጃውን የሚያነሣው የኔ እጅ ነው፤ እሱን ደግሞ አላደርገውም። ዳኞቹ ፊት ቆሜ ንግግሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እተረጉመዋለሁ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። በሐሰት የማለ ሰው የሚደረገውን ያድርጉኝ። ቆርጫለሁ እያልሁ ስጽፍ እንኳ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ወደዚያ አታድርሰኝ።

ኢዶሳ እንዳትሰማ ነበር የለመነው። እኔ አሰማሁህ። ሞቶም ያፍርህ ነበርና ማፈሩን አሁን አንሣለት።

እማዬ ግንባርህን ትስምሃለች፤ በየእሑዱ ስምህን ታስጠራለች። ጂቱ ሰላም ብላሃለች፤ ያንተን ጥጃ እሷ ናት የምትጠብቀው፤ ወይፈን ሆኗል። መሪጌታ ፀሐዬ እግዜር በሰላም ያግባህ ብለዋል። ለእትዬ ሎሚ ጉልበቷን እስማለሁ በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን ለሷም አታንብብላት።

ይህን ስጨርስ ቶማስ ለማን ነው የምትጽፈው አለኝ። ለታላቅ ወንድሜ አልሁት። ቃሉ ካንተ እንደሚመጣ ያውቃል። ወረቀቱን እንደ ተጫነ፣ በዚያ በሥራ አማርኛው፣ ቶማስ እንደምን ነህ ይላል፣ ደህና ነህ ይላል፣ ብለህ ጻፍ አለኝ። ይህን አንዱን ሳልጨምርና ሳላጎድል አድርሼልሃለሁ።

ታናሽ ወንድምህ ነገሳ
እንጦጦ፣ ሚያዝያ ፲፰ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት ተጻፈ።